እኩል ነጥብ ሲመጣ ቅድሚያው ለማን ነው? የገላን ዳር ፋብሪካ ቅጥርና 23 መልሶች

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ መነሻ ጽሑፉን የለጠፈው ከአቃቂ ወደ ገላን ሲወጣ አስፋልት ዳር ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሀብት ኃላፊ ነው። ፋብሪካው 24 ሰው ሊቀጥር ነው፤ 16 የስፌት ኦፕሬተር፣ 4 የማሽን ጥገና ባለሙያ፣ 2 የጥራት ተቆጣጣሪ፣ 2 የመጋዘን ሠራተኛ። ሥራ አስኪያጁ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአካባቢው ወጣቶች ተጨማሪ ነጥብ እንስጥ ባይ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው ግን ነገሩ ራሱ አድልዎ ነው፣ ነገ እንከሰስበታለን ብሎ ፊርማውን ይዟል። ጠያቂው የፈለገው ሁለት ነገር ነበር፤ አሠሪ እንዲህ እንዲያደርግ ሕጉ ይፈቅድለታል ወይ? ከፈቀደለትስ መመሪያው ላይ እንዴት ተደርጎ ይጻፍ? መድረኩ ላይ የሚጽፉት ባብዛኛው የሰው ሀብት፣ የሠራተኛ ማኅበርና የሕግ ሰዎች ስለሆኑ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ በፍጥነት ረዘመ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው፤ ለጠያቂው ሰላምታ ሰጥቶ በቀጥታ ወደ ሕጉ ይገባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ቢልም፣ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ሴቶች በታሪክ የወረሱት የበታችነት ጫና እንዲቀርላቸው የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ያውም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን በግል ተቋማትም ጭምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 87 ይህንኑ ወደ ቅጥር አውርዶታል። ስለዚህ የፋይናንስ ኃላፊው ስጋት መሠረት የለውም፣ ሥራ አስኪያጁ ልክ ነው ሲል ይደመድማል።

2ኛዋ መላሽ በአክብሮት አረመችው፤ እርማቷ ግን ቀላል አይደለም። አንቀጽ 87 ተጨማሪ ነጥብ ስጡ አይልም። በቅጥር፣ በደረጃ ዕድገት ወይም በሌላ ጥቅም ውድድር ላይ ሴቷ ከወንዱ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል ነው የሚለው። ብዙ የግል ድርጅት የሚሳሳተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መመሪያ አግኝቶ አርማውን ብቻ ቀይሮ ሲያትመው ነው ትላለች። በ2010 የተሻረው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በአንቀጽ 13 ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች ተወላጆች ቅድሚያ ሲሰጥ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ይል ነበር። ተቀራራቢ የሚለው ቃል ለግሉ ዘርፍ በወጣው አዋጅ ውስጥ የለም። ብሔረሰብ የሚለውም የለም፤ እንዲያውም አንቀጽ 14 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአካል ጉዳት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል።

3ኛው መልስ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ማስታወቂያ ግርጌ ላይ የምትለጠፈው ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ የምትል ዓረፍተ ነገር ምን እንደምትሠራ የሚነግረው ካለ ይንገረው ይላል። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ያስቀመጡት ብዙ ናቸው። ነገሩ የሚያስቅ አይደለም እንጂ፣ ከዓረፍተ ነገሯ በስተጀርባ አሠራር ያላቸው ድርጅቶች በእርግጥ ጥቂት ናቸው።

4ኛው መልስ ላይ ክሩ መልኩን ቀየረ። ጸሐፊዋ የፈተና ውጤት አሞላል ላይ የሠራች ይመስላል። አንቀጽ 87ን የሚገድለው የአሠሪ ክፋት ሳይሆን የነጥብ ክፋይ ነው ትላለች። በምሳሌ አስረድታዋለች፤ ፋብሪካው የተግባር ፈተናን ከ50፣ ጽሑፍን ከ30፣ ቃለ መጠይቅን ከ20 ይይዛል እንበል። አንዲት አመልካች 78.35፣ አንድ አመልካች 78.60 አመጡ። ቃለ ጉባኤው እኩል አይደሉም ብሎ ወንዱን ያሳልፋል፤ በወረቀት ደረጃ ስህተት የለውም። ግን ያ ሩብ ነጥብ ከየት መጣ? ቃለ መጠይቁን ሦስት ሰው ሞልቶታል፤ ለአንዱ አመልካች አንደኛው 14፣ ሌላው 17፣ ሦስተኛው 16 ሰጥተው አማካዩ 15.67 ወጥቷል። ሦስት ፈታኞች በአንድ ሰው ላይ እርስ በርሳቸው በ3 ነጥብ እየተለያዩ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ሩብ ነጥብ የችሎታ ልዩነት ነው ማለት አይቻልም። ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አኃዝ ድረስ በሚሰላ ውጤት ሁለት ሰው እኩል የሚመጣው በአጋጣሚ ብቻ ስለሆነ ሕጉ በተግባር የለም ማለት ነው። መፍትሔዋ ቀላል ነበር፤ የመጨረሻው ድምር ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋ።

5ኛው መላሽ ሐሳቧን ወዶ መፍትሔዋን አልወደደም፤ ያልወደደበትን ምክንያትም በራሷ ቁጥር አሳያት። 78.35 ሲጠጋጋ 78 ይሆናል፣ 78.60 ደግሞ 79። በሩብ ነጥብ የሚለያዩት ሰዎች በአንድ ሙሉ ነጥብ ተለያዩ ማለት ነው። በአንጻሩ 77.50 እና 78.40 ሁለቱም 78 ስለሚሆኑ 0.9 የሚበላለጡት እኩል ተባሉ። ስለዚህ ማጠጋጋቱ ቀርቶ የልዩነት ወሰን ይበጅለት ይላል፤ ለምሳሌ ከ1 ነጥብ በታች ያለ ልዩነት እንደ እኩል ይቆጠራል ተብሎ መመሪያው ላይ ይጻፍ። ወሰኑ ከማስታወቂያው በፊት መታወቅ አለበት። ውጤት ከታየ በኋላ የሚወሰን ወሰን ለሚፈለገው ሰው የተሰፋ ልብስ ነው።

6ኛዋ አንድ ቀዳዳ አገኘች፤ ይህችን ቀዳዳ ሌላ ቦታ ላይ ተጽፋ ያየኋት አይመስለኝም። ወሰኑ 1 ነጥብ ከሆነና ሦስት ሰዎች 80፣ 79.3 እና 78.6 ካመጡ፣ አንደኛው ከሁለተኛው ጋር እኩል ነው፣ ሁለተኛውም ከሦስተኛዋ ጋር፤ አንደኛውና ሦስተኛዋ ግን እኩል አይደሉም። ሰንሰለቱን ተከትሎ የሚወርድ ኮሚቴ 75 ድረስ ወርዶ ሰው ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሣ ትላለች፤ ከመጨረሻው ክፍት ቦታ። 4 ሰው ከተፈለገ በተራ ቁጥር 4ኛ የወጣው ሰው ነጥብ ይያዝና ከእሱ በታች ከ1 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ያለች ሴት ካለች ለዚያች ቦታ ቅድሚያው የእሷ ይሆናል። ሌሎቹ ሦስቱ አይነኩም። ከዚያ በተጨማሪ የጽሑፍ ፈተናው በስም ሳይሆን በኮድ ይታረም፣ የኮድ ዝርዝሩ በታሸገ ፖስታ ከኮሚቴው ውጭ ያለ ሰው ጋር ይቀመጥ፣ የተግባር ፈተናውን ሁለት ሰው ሳይተያይ ይሙላ፣ ሁለቱ ከ5 ነጥብ በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ሰው ይይ። ነጥቡ በእርሳስ አይሞላም። ይህ የመጨረሻው የሚታወቅ ነገር ነው የሚል ካለ፣ በእርሳስ ተሞልቶ ከሰዓት በኋላ የተስተካከለ የቃለ መጠይቅ ቅጽ ስንቱን ክርክር እንዳስነሣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎችን መጠየቅ ነው።

7ኛው መላሽ የውጭ ሕግ የሚያውቅ ነው፤ ትንሽ ማወቁን ማሳየትም ይወዳል። በፈረንጆች 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የጀርመኗን ብሬመን ከተማ ሕግ የሻረበትን የካላንኬ ጉዳይ ያነሣል። የከተማዋ ሕግ እኩል ብቃት ሲኖር ሴቷ በቀጥታ ትለፍ ይል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ያልወደደው በቀጥታ የሚለውን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በማርሻል ጉዳይ ተመሳሳይ ሕግ ቀርቦለት አጸደቀው፤ ምክንያቱ ወንዱ የተለየ ምክንያት ካለው ይታይለታል የሚል ሐረግ ስለነበረበት ነው። እንግሊዝ በፈረንጆች 2010 ያወጣችው የእኩልነት ሕግ በአንቀጽ 159 የሚፈቅደውም እንደዚሁ ነው፤ እኩል ብቃት ባላቸው መካከል፣ ጉዳዩ በየግል ታይቶ እንጂ ለአንድ ወገን ሁልጊዜ ቅድሚያ በሚሰጥ ፖሊሲ አይደለም። ስለዚህ ፋብሪካውም ይህን ሐረግ ይጨምር ይላል።

8ኛዋ (2ኛዋ ራሷ ናት) ጠንከር አለች። ብሬመን ገላን አይደለችም። የእኛ አዋጅ ቅድሚያ ይሰጣታል ሲል ግዴታ አደረገው እንጂ ለአሠሪው ምርጫ አልተወለትም። የተለየ ምክንያት ይታይ የሚለው ሐረግ እዚህ ከገባ በየቅጥሩ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ የሚል ደብዳቤ ይጎርፋል፤ ደብዳቤ ማጻፍ ደግሞ የሚቀለው ሰው ላለው ነው። በዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ።

9ኛው መልስ ወደ አካል ጉዳተኞች ይዞራል፤ መነሻ ጽሑፉ ላይ ተነሥተው እስካሁን የተረሱት እነሱ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የግል ድርጅቶችንም ይይዛል። የቀድሞው የ1986 አዋጅ ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ቦታ ይከልል እንደነበርና፣ አዲሱ አዋጅ በመግቢያው ያ አካሄድ አካል ጉዳተኛው ተወዳድሮ እንደማይችል ያስመሰለ መሆኑን ገልጾ እንደተወው ያስታውሳል። በምትኩ የመጣው አሠሪው የሥራ ቦታውን የማመቻቸት ግዴታ ነው፤ ካስፈለገም ረዳት እስከ መመደብ ድረስ። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አላደላሁም ብሎ በሰነድ የሚያስረዳው አሠሪው ነው። የቅጥር መዝገቡን ባግባቡ ያልያዘ ድርጅት እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

10ኛው መላሽ ቴክኒሻን መሆን አለበት፤ ሕግ አያነሣም፣ የሚያወራው ስለ ሴንቲሜትር ነው። ተጨማሪ ነጥብ ተሰጥቶት በር ላይ የሚቀር ሰው አልተቀጠረም ይላል። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 1 ለ 12 በሆነ ተዳፋት 1.80 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይበቃል፤ ብዙ ፋብሪካ የሚሠራው 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጥ ያለ ሲሚንቶ ነው፤ ለዕቃ ጋሪ እንጂ ለተሽከርካሪ ወንበር አይሆንም። የመጸዳጃ ቤት በር 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ወደ ውጭ ይከፈት። አንድ እግሩ ለማይታዘዝለት ኦፕሬተር የማሽኑ ፔዳል ወደሚሠራው እግር ይዛወር፤ የመካኒክ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። መስማት ለተሳናቸው ከእሳት አደጋ ደወሉ ጋር የሚበራ ብልጭልጭ መብራት በየላይኑ (በየስፌት መስመሩ) ይሰቀል፣ የሥራ ትዕዛዙ በናሙናና በሥዕል ይሁን፣ የላይን ሱፐርቫይዘሩም ቁም፣ ፍታ፣ መርፌ ቀይር፣ ይህ ይደገም የሚሉትን ምልክቶች ይማር። የተግባር ፈተናው ቀን አስተርጓሚ ካልተጠራ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሰውየው የወደቀው በስፌቱ ሳይሆን ትእዛዙን ባለመስማቱ ይሆናል።

11ኛው መልስ ስድብ ባይሆንም ለስድብ ይቀርባል። ሴት ቀጥራችሁ በዓመቱ በወሊድ ስትወጣ ደመወዟን የሚከፍለው አሠሪው እንጂ አዋጁ አይደለም፣ ነጥብ ማለት ቀላል ነው ይላል። ብዙዎች ዘለሉበት። 12ኛዋ ግን ሳትሳደብ ቁጥሩን አወጣችው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። ደመወዟ 7,000 ብር ከሆነ ለአራት ወር 28,000 ብር ነው። 11ኛው በቁጥሩ ልክ ነው፣ በመደምደሚያው ግን ልክ አይደለም ትላለች፤ ሠልጥኖ በሦስተኛው ወር የሚሄድ ኦፕሬተር በየጊዜው የሚያስወጣው የሥልጠና ጨርቅ፣ የተበላሸ ምርትና የባዶ ማሽን ኪሳራ ሒሳብ ላይ ስለማይጻፍ ብቻ ነው ወሊድ ውድ የሚመስለው። ደግሞም ነፍሰ ጡር ናት ብሎ አለመቅጠር ክልክል ነው።

13ኛው ክርክሩን ወደ ጡረታ ወሰደው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ላይ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ ከዚያ ፈንድ ግን የወሊድ ክፍያ አይወጣም። ወሊድ ከአሠሪው ኪስ እስከተከፈለ ድረስ ማንኛውም የቅድሚያ ሕግ አሠሪውን በአንድ እጁ እየገፋ በሌላው እየጎተተ ነው፤ ክፍያው ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ቢዛወርና የሁሉም አሠሪ መዋጮ ቢሸፍነው ወንድ የቀጠረውም ሴት የቀጠረውም እኩል ይከፍላሉ ባይ ነው። ከርዕስ የወጣ ነው ተብሎ ተወቀሰ። በበኩሌ በክሩ ውስጥ ከርዕሱ ያልወጣ መልስ ቢኖር ይኸኛው ነው።

14ኛዋ የመነሻ ጽሑፉን ቁጥሮች እንደገና አነበበች። 16ቱ ኦፕሬተሮች ላይ ማንም ሳይናገር ሴት ነው የሚቀጠረው፤ የስፌት ላይኖች ከቦሌ ለሚ እስከ ዱከም የሴት ናቸው። እዚያ ላይ ለሴት ቅድሚያ መስጠት የድጋፍ እርምጃ ሳይሆን የቆየ ልማድ ነው፤ ወንድ አመልካችን ፆታ ሴት ብሎ በማስታወቂያ መከልከልም በአንቀጽ 87 አይሸፈንም። በየምሰሶው የሚለጠፈውን ዕድሜዋ ከ25 ያልበለጠ፣ ቁመናዋ ያማረ ካሸር የሚለውንም ማንም በድጋፍ ስም እንዳይከላከለው ታስጠነቅቃለች። ጥያቄው ያለው 4ቱ የጥገና ቦታዎች ላይ ነው፤ ደመወዙም እዚያ ይሻላል፣ ሴት ግን አይታይበትም።

15ኛው መላሽ ተቀበላትና ወደ ሥራው ገባ። የጥገና ማስታወቂያው 2 ዓመት ልምድ ከጠየቀ ሴት አትመጣም፤ ልምዱን የምታገኝበት ወርክሾፕ አልገባችም። ልምድ የሚለው ይውጣና የተግባር ፈተና ይተካው። አንድ ማሽን ሆን ተብሎ ይበላሽ፤ መርፌው ተገልብጦ ይገባ፣ የክር ውጥረቱ ይላላ፣ የመንጠቆው ጊዜ ከመርፌው ጋር እንዳይገጥም ይደረግ። አመልካቿ በ30 ደቂቃ ውስጥ ስፌቱ ለምን እንደሚዘልና ክሩ ለምን እንደሚበጥስ አግኝታ ታስተካክል። ነጥቡ ጥፋቱን በማግኘት 20፣ በማስተካከል 20፣ መሣሪያ አያያዝና ማብሪያውን ማጥፋት ላይ 10። ኃይል ይጠይቃል ለሚሉት ደግሞ የማሽኑን ጭንቅላት ወንዶቹም ለሁለት ነው የሚያነሡት። ከቅድሚያ ነጥቡ በፊት አመልካች ማግኘት ይቀድማል፤ ማስታወቂያው በአካባቢው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በአካል ይለጠፍ፣ በትብብር ሥልጠና ከሚመጡት ተማሪዎች መካከል ሴቶች ወደ ጥገና ክፍል ይመደቡ። ሦስት ሴት ያላመለከተችበት ውድድር ላይ እኩል ውጤት የሚለው ሕግ የሚሠራበት ሰው የለውም።

16ኛው መልስ ላይ የአካባቢው ወጣቶች ጉዳይ ተነሣ፣ ድምፁም ከፍ አለ። መሬቱ የአርሶ አደር ነበር፤ ፋብሪካው ሲገባ ለልጆቹ ቅድሚያ እሰጣለሁ ብሎ ፈርሟል፤ አሁን ነጥብ ምናምን ማለት ውል ማፍረስ ነው ይላል። 17ኛው በቁጣ መለሰለት፤ የወረዳ ደብዳቤ የያዘ ሁሉ የአርሶ አደር ልጅ አይደለም፣ ደብዳቤው የሚሸጥበት ቦታም አለ አለ። ከዚህ በኋላ የተጻፉ ሁለት መልሶች ወደ ብሔር ስላመሩ የመድረኩ አስተዳዳሪ አንሥቷቸዋል፤ የ18 እና የ19 ቁጥሮች ባዶ ናቸው።

20ኛዋ ነገሩን አበረደችው። የሕንዷ ሃሪያና ግዛት ከግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ሥራ 75 በመቶውን ለአካባቢው ነዋሪ የሚከልል ሕግ አውጥታ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በፈረንጆች 2023 እንደሻረው ጠቀሰች፤ እዚያ የሻረው የእነሱ ሕገ መንግሥት ስለሆነ እዚህ ማስረጃ እንደማይሆን ግን ራሷ አከለች። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአካባቢ ነዋሪ ቅድሚያ የሚሰጥ ድንጋጌ የለውም። ፋብሪካው በውል የገባው ግዴታ ካለ ግን ግዴታው ሊፈጸም ይገባል፤ አፈጻጸሙ ግን ነጥብ ላይ ሳይሆን ሥልጠና ላይ ይሁን ትላለች። ከቅጥሩ አንድ ወር ቀደም ብሎ ለተነሡ ቤተሰቦች ልጆች በፋብሪካው ውስጥ የስፌት ሥልጠና ተሰጥቷቸው እንደማንኛውም ሰው ይፈተኑ። ማን የተነሺ ልጅ እንደሆነም ከደብዳቤ ይልቅ ካሳ የተከፈለበት የስም ዝርዝር ይናገር። ኦሮምኛ መጠየቅንም በተመለከተ፣ ሥራው ከሰው ጋር የሚያነጋግር ከሆነና ፈተናው ለሁሉም አንድ ከሆነ የሥራ መስፈርት ነው፤ ስም አይቶ ለማጣራት ከሆነ ግን አንቀጽ 14 ይጠብቀዋል።

21ኛው ክሩ የማያውቀውን በር ከፈተ፤ ዋስ። የመጋዘን ሠራተኞቹ 2 ናቸው፤ መጋዘን ደግሞ ዋስ ይጠየቅበታል። ደመወዙ ከተቀጣሪው የማያንስ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያመጣ ሰው። ከገጠር መጥታ ኮዬ ፈጬ ላይ በደባልነት የምትኖር ልጅ ይህን ሰው ከየት ታምጣው? በፈተናው አንደኛ ወጥታ በዋስ ትወድቃለች፣ የቅድሚያ ሕጉም አያያትም፤ ውጤቷ ሳይሆን ዘመዷ ነውና የጎደለው። ኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚሸጡትን የታማኝነት ዋስትና (ሠራተኛ ቢሰርቅ ወይም ቢያጭበረብር ለአሠሪው የሚክስ መድን) ፋብሪካው ለመጋዘን መደቡ በጠቅላላ ይግዛ ይላል። ዓረቦኑ በሠራተኛው ስም ሳይሆን በመደቡ ስም ይሁን፣ ሰው ሲቀየር ውሉ አይቀየርም።

22ኛዋ የሰርቪስ ነገር ካልተነሣ ክሩ ጎዶሎ ነው አለች። ሁለተኛው ሺፍት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሲወጣ አውቶቡሱ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ አራግፎ ይመለሳል፤ ከዚያ እስከ ኮንዶሚኒየሙ በጨለማ በእግር ነው። በቅድሚያ የገቡት ሴቶች በሙከራ ጊዜያቸው፣ ማለትም በ60 የሥራ ቀን ውስጥ የሚለቁት እዚህ ላይ ነው። መስመሩ በብሎክ ይከፋፈል፣ መጀመሪያ የሚወርዱት ርቀው ያሉት ሳይሆኑ ጨለማ ውስጥ ለብቻቸው የሚሄዱት ይሁኑ፤ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ሺፍት ላይ መመደባቸው ራሱ ሕገ ወጥ ነው። ጽዳትና ጥበቃው በኤጀንሲ የመጣ ከሆነም አሠሪው ኤጀንሲው ስለሆነ የፋብሪካው መመሪያ አይደርስባቸውም፤ ከኤጀንሲው ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ተመሳሳዩ የቅጥር አሠራር እንዲገባ ትመክራለች።

23ኛው ስለ ዕድገት ነው። አንቀጽ 87 ቅጥር ብቻ አይልም፣ የደረጃ ዕድገትም ይላል፤ ላይን ላይ ሴት፣ የላይን ሱፐርቫይዘር ወንበር ላይ ወንድ የሚሆንበት ፋብሪካ መጀመሪያ የሚጠየቀው በዚህ ነው። ጸሐፊው ያየውን ብልሽት ይዘረዝራል፤ የውስጥ ማስታወቂያ ካፍቴሪያው በር ላይ ጠዋት ተለጥፎ ማታ ይነሣል፣ የማታ ሺፍት አያየውም። 5 የሥራ ቀን ይቆይ፣ በላይኑ ቦርድም ይለጠፍ። የሱፐርቫይዘር አስተያየት ከ100 ከ10 አይለፍ፤ ይህች ቁጥር 30 ስትሆን ጓደኝነት ነጥብ ይሆናል። የወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችው ሠራተኛ በስልክ ትነገር፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥቧም ከመውጣቷ በፊት ያለው የመጨረሻው ይያዝላት እንጂ ባልነበረችበት ወር ዜሮ አይሞላባት። የፋይናንስ ኃላፊው ፊርማውን ቢለቅም ባይለቅም፣ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር መመሪያው ውስጥ አስገቡ ብሎ ጠያቂውን በስሙ ጠርቶታል።